ክብርት የደመወዝ ጉዳይ ሚኒስትር

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ደመወዙን ሲጠይቁት ሳል የሚይዘውና ሌላውን ደመወዙን የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ወገን አገር ምድሩን ሞልቶታል። ሁለተኛው ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቢሆን ሰፈሩ ይፈርሳል።

የዚህኛው ሰፈር ድርሻ የፍሪጅ ጠጋኙ ሚስት ናት። ጎረቤቱ «ክብርት የደመወዝ ጉዳይ ሚኒስትር» ይላታል፤ የቸኮለ ሰው «ሚኒስትሯ» ብሎ ያልፋል። ሹመቱን የሰጣት የለም፤ ሥራውን ጀምራ ስለተገኘች ብቻ ጸደቀላት።

ነገሩ የተጀመረው የመጨረሻ ልጇ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ነው። ከመውለዷ በፊት ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ሦስት ልጅ ስታሳድግ ዘጠኝ ዓመት ቤት ከረመች። ያን ቀን የትንሹን ቦርሳ ጀርባው ላይ አስተካክላ ከሸኘች በኋላ ወደ ባሏ ዞረችና «እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልመለስ ነው» አለችው።

«ደስ ይላል፤ ያገኘሽውን ያዢ» አላት ፍሪጅ ጠጋኙ። ሰውየው በሕይወቱ ብዙ የተናገረው ነገር አለ፤ እንዲህ የተጸጸተበት ግን የለም።

«ያገኘሁትን? እኔ ሽንኩርት እንኳ ያገኘሁትን ገዝቼ አላውቅም!»

ጥናቱ ተጀመረ። የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያውን አፏ ውስጥ በከተተበት ሰዓት፣ በተረፈው የምላሷ ጎን «ረዳትህን ስንት ትከፍላታለህ?» አለችው። «አፍሽን ክፈቺ» ሲላት «ከፍቼ እኮ ነው የምጠይቅህ» አለች። ረዳቷ ከጀርባው ቆማ በጣቶቿ ነገረቻት። የባንኩን ዘበኛ ከደመወዙ ቀጥላ «ወንበርስ ይሰጡሃል?» ብላ ጠየቀችው፤ ዘበኛው በዚያ በር ላይ ሲቆም ያንን የጠየቀችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ስለሆነች ቦርሳዋን ሳይፈትሽ አስገባት። የአውቶቡስ ሾፌር፣ የመድኃኒት ቤት ሒሳብ ተቀባይ፣ የልጆቿ መምህርት፣ ማንም አላመለጣትም። ያመነታ ሰው ቁጥሩን እንደምንም ሲያወጣ ሁለተኛው ጥያቄ አፍንጫው ስር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦

«የተጣራ ነው ያልተጣራ?»

ባልየው በሞተር ብስክሌቱ ያደርሳታል፤ ከዚያ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። የሰው ፍሪጅ ከፍቶ የከረመ ሥጋ ሲያይ የማያፍር ሰው፣ ሚስቱ የሰው ኪስ ስትከፍት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኝ ነበር።

«ኧረ ነውር ነው፣ አንቺ ሴት!»

«ነውሩ መጠየቁ ነው ወይስ ቁጥሩ?» ትለዋለች።

ደግሞም ለእሷ ደመወዝ ብቻውን ደመወዝ አይደለም። ትልቁ የልብስ ፋብሪካ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ይከፍላል፤ ግን ሁለት አውቶቡስ ያስቀይራል። «ሩቅ ያለ ደመወዝ መንገድ ላይ ይቀልጣል» ብላ ጣለችው። የሙሽራ ልብስ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ለቀረ ሰው ግን ምሕረት የለውም። ለልብስ ቤቱ እመቤት «ልጄን ትኩሳት ቢይዘውስ? እናንተ ደመወዜን ስትቆርጡ ልጁ አንጀቴን ሲቆርጥ፣ ምን ይተርፈኛል?» አለቻት። የሥራ ቦታን ጠባይ ለማወቅ ደግሞ ከውስጥ አትጠይቅም። ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት በር ላይ ትቆማለች። እየተሳሳቁ ከወጡ ደህና ቤት ነው። እንደ ለቅሶ ደራሽ አቀርቅረው ከወጡ «እዚህስ ጠላቴም አይግባ» ብላ ትመለሳለች።

መጀመሪያ የሳቀባት ሰፈር እየቆየ ምክር ፍለጋ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። የጥርስ ሐኪሙ ረዳት እንኳ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኳች። «እትዬ፣ ሌላ ክሊኒክ ጠርተውኝ ነበር፤ የትኛው ይሻለኛል?» ሚኒስትሯ ወንበር ሳበችላት፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

ለሰው እንዲህ ስታቀና የራሷ ነገር ግን አልቀና አለ። የሄደችበት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ የጀማሪ ደመወዝ። ፋብሪካውን ከመጣሏ በፊት እዚያው አንድ የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ፣ ጺሙ ገና መብቀል ያላሰበ ልጅ፣ «ዘጠኝ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ሦስት ልጅ። ሁለቱ ወንድ።»

«አይ፣ በሙያዎ ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ራቁታቸውን አደጉ?»

ልጁ «ልምድ የተቋረጠ» ብሎ አሳለፋት። በጀማሪ ደመወዝ የገባች ሴት ስትሸብትም ጀማሪ ናት፤ ይህን ሚኒስትሯ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከዚያ ላይ የመሳፈሪያውና የልጅ ጠባቂዋ ሲነሳ፣ ለመሥራት የምትከፍለው እሷ ልትሆን ነው። የቆራጭ ደመወዝ ካላገኘች ቤቷ ትቀመጣለች። ከእንግዲህ ከተቀመጠች ደግሞ ማን ያስነሳታል?

የቀረው የሱፍ ልብስ ቤቱ ነበር። ቅርብ ነው፤ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ባለቤቱ ጋሼ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ አዛውንት ናቸው። «እጅሽን ልየው» ብለው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ልክና ጥቁር ጨርቅ ሰጧት። ፍሪጅ ጠጋኙ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ፤ ያን ቀን ግን ጫማውን አላየም። ጠመኔው ጨርቁ ላይ ሲሮጥ፣ መቀሱ ሳይቆም መስመሩን ሲከተል አየ። ዘጠኝ ዓመት ቤት ስትከርም ይህን እጅ የት ደብቃው እንደነበር ገረመው።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጨርቁን አነሱ፤ ገለበጡት። ከታች እግሩ ላይ አራት ጣት ሙሉ ትርፍ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ጎንና ጎኑም እንደዚያው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ስንት ሊያድግ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያ ማዶ ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ የቤቱ ቆራጮች ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ።

ሚኒስትሯ ጨርቁን አየችው። ዘጠኝ ዓመት የቆረጠችው ለሚያድግ ገላ ብቻ ነበር፤ ለከርሞ ይፈታል ብላ ትርፍ ያልተወችበት ልብስ ቤቷ ውስጥ የለም። እጇ ሳያማክራት ለሰውዬው የከርሞውን አስቦለታል። ፍሪጅ ጠጋኙ ከበሩ ሆኖ ጆሮዋ ሲቀላ አየ።

ከዚያ ቀና አለች። «ወደ ላይ ባያድግ ወደ ጎን ያድጋል፣ ጋሼ።»

አዛውንቱም ሳቁ። «መልስሽስ የቆራጭ ነው። እጅሽ ግን ገና ነው፤ በረዳት ደመወዝ ልያዝሽ።»

«እሺ በይ» አለ ባሏ ከበሩ፣ በከንፈሩ ብቻ።

«ጨርቁ ተበላሸ?» አለች እሷ።

«አልተበላሸም፤ ትርፉ ይነሳል።»

«እንግዲያው የረዘመውን መቀስ ያርመዋል። ያጠረውን ግን ማን ያረዝመዋል? እኔ የሳትኩት ወደሚታረመው ነው።» ይህን ብላ ዝም ብትል ምናልባት እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ወደ ሁለቱ ቆራጮች ዞረች። ባልየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ወንድሞቼ፣ እናንተስ ስንት ይከፍሏችኋል? የተጣራ ነው ያልተጣራ?»

ወጣቱ ቆራጭ በኩራት ቁጥሩን ተናገረ። ሽበታሙ ቆራጭ መቀሱን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ «እስቲ ድገመው» አለ። ወጣቱ ደገመው፤ በዚህኛው ግን ድምፁ አነሰ። ሽበታሙ እዚያ ቤት ሲገባ ወጣቱ ጥርስ አላበቀለም ነበር፤ ደመወዙ ግን የሚያንሰው የእሱ ነው። ጎን ለጎን ሲቆርጡ ኖረው አንድም ቀን አልተጠያየቁም፤ ነውር ነዋ።

«አንቺ ሴት!» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ገና ሳትቀጠሪ ቤቴን አፈረስሽው! ሂጂልኝ እባክሽ!»

ቤት ደርሰው ከሞተሩ ሲወርዱ «በቃ፣ አትናገረኝ» አለችው። እሱም ሊናገር አልነበረም። ያን ሳምንት ማንንም አልጠየቀችም። አውቶቡስ ሾፌሩ «ሚኒስትሯ ታመሙ እንዴ?» ብሎ ባሏን ጠየቀው።

በሳምንቱ መጨረሻ ሽበታሙ ቆራጭ በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እህቴ፣ ደመወዜ ተስተካከለ» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ ልከውኝ ነው። ‹ይቺ ሴትዮ ውጭ ቆማ ሠራተኛዬን ከምትጠይቅብኝ፣ ውስጥ ገብታ ትቁረጥልኝ› ብለዋል። በቆራጭ ደመወዝ። በእኔው ልክ፣ የተጣራ።»

ፍሪጅ ጠጋኙ ሊዘል ምንም አልቀረውም። ሚኒስትሯ ግን ፊቷ አልተነቃነቀም። «ትንሽ ላስብበት» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ደቂቃ አለፈ። ሌላ ደቂቃ ተከተለ። «አሁን ደግሞ ከማን ጋር ልታወዳድረው ነው?» ብሎ ባሏ በብስጭት ተከተላት፤ የጓዳው በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጀርባዋን ሰጥታዋለች። አንድ አሮጌ የትራስ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች እንደ መቀስ እየከፈተችና እየዘጋች በጨርቁ ጠርዝ ላይ ትሄዳለች። ጫፍ ስትደርስ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች፤ «ትርፍ የለም፣ ትርፍ የለም» እያለች በሹክሹክታ፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

ሊገባ ነበር፤ ተወው። በእግሩ ጣት ተመልሶ ለእንግዳው «ልጁን እያስተኛች ነው» አለ። ልጁ ደጅ ኳስ ሲጫወት ድምፁ ይሰማል። ሽበታሙም አዋቂ ነውና «አዎ፣ በዚህ ሰዓት መተኛት ጥሩ ነው» አለ።

ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ አገጯን አቅንታ ነበር። «ለጋሼ ሰኞ እመጣለሁ በልልኝ። ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ግን የእኔ ነው።»

ይኸው ዛሬም ትቆርጣለች። ሰፈሩም ዝናዋን እየጨመረ ያወራል። ለጥገና ፍሪጅ ያመጣ ሰው ሁሉ ባሏን «እሷስ ወንድ ናት፤ ምን ትፈራለች!» ይለዋል።

«ምንም» ይላል እሱ፤ ቀና ሳይል፣ ብሎኑን እያጠበቀ።