የአያ ቆርጥም የክብር ድርሻ

እኔ ተረቴን ላምጣ፣ እናንተ ጆሯችሁን አምጡ። ድሮ፣ ጅቦች ዓውደ ዓመት በሚያከብሩበት ዘመን፣ አያ ቆርጥም የሚባል ሽማግሌ ጅብ በአንድ ጫካ ይኖር ነበር። ኮርቻ በልቷል፣ ከበሮ በልቷል፤ አንዴማ የዳኛ ወንበር ከነትራሱ በልቶ ሆዱን እንኳ አላመመውም።

የበዓሉ ድግስ ሁልጊዜ በልጁ በትርንጎ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ምራቱ ወለላ፣ "አባባ፣ እስቲ ዘንድሮ እኔ ልደግስ" ብላ ለመነችው።

"እሺ። ካማረልሽ በየዓመቱ አንቺ ጋ ይሆናል፤ ካላማረልሽ ወደ ትርንጎ እንመለሳለን" አላት።

ምስኪን ወለላ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። በዚያ ቤተሰብ ድግስ ያላማረላት ምራት ዕድሜ ልኳን እንደ እንግዳ ነበር የምትታየው።

ነጋዴው ባሏ ከቻይናና ከጃፓን ሰባት ከረጢት መክሰስ አመጣላት። አንዱ በስሱ የደረቀ የባሕር ሣር ነው። ሌላው እንደ ቋንጣ የተዘለዘለ፣ እግሩ የበዛ የባሕር እንስሳ ነው። አንዱ ደግሞ አተር ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን በአፍንጫ እሳት ይለቃል። ጅቦቹ ሣሩን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። ሣር ለጅብ! ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነውና "አልወድም" ብሎ ባላገር መባል የፈለገ አልነበረም። እያነጠሱና እያለቀሱ "ሲጣፍጥ!" አሉ።

ወለላ መክሰሱን ስትዘረግፍ በየከረጢቱ አንዲት ትንሽ ነጭ ከረጢት አገኘች። ላይዋ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎባታል፤ ከጅብ ወገን ግን ማን ያነባል? ወለላም ከዶሮ ብልት ሁሉ ፈረሰኛው ለአባወራ እንደሚቀመጥ አሰበች። "ይቺም በየከረጢቱ አንዲት ብቻ ናት፤ የአባባ ድርሻ መሆን አለባት" ብላ አንዷን በሁለት እጇ አቀረበችለት።

አያ ቆርጥም ከነከረጢቷ ቆረጠማት። ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ጣዕሙ ነው ያስለቀሰው!" አሉ ልጆቹ።

አንድ እንስራ ውሃ ጠጥቶ ምላሱ ሲላቀቅለት ሁሉም አፉን እያዩ ነበር። "እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። በዓሉ ከእንግዲህ እዚሁ ይሁን" አለ። ወለላ እልል አለች።

ይሄኔ ጎረቤታቸው ኤሊ "እንኳን አደረሳችሁ" ለማለት ገባ። ኤሊ ብዙ ባሕር የዞረ፣ የማዶውን ጽሑፍ የሚያነብ ነበር። ከነጮቹ ከረጢቶች አንዷን አንስቶ አያት።

"ኧረ ይቺ 'አይበላም' ትላለች! መክሰሱ እንዳይረጥብ የሚጨመር ጠጠር እኮ ነው" አለ።

ትርንጎ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። ወለላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አያ ቆርጥም ደግሞ "ተሳስቻለሁ" ከማለት ሞት ቀለለው።

"ለኤሊ አይበላም ማለቱ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ለጅብ 'አይበላም' ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?"

ቤተሰቡ አጨበጨበ። ወዲያው ተማከሩና ይህ ድርሻ በየበዓሉ ለአያ ቆርጥም ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። ወለላ በደስታ እያለቀሰች የቀሩትን ስድስቱን በሳህን ሰብስባ ፊቱ አስቀመጠች። ለድግሱ የቀረበውን የሚጋጥ አጥንት ግን ለልጆቹ አከፋፈሉት።

አያ ቆርጥም ሳህኑን አየ፤ አጥንቱንም አየ። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ እንዲህ አላት፦

"ባያከብሩኝ ኖሮ ይሄኔ አጥንት እየጋጥኩ ነበር።"