አልሄድ ያለው እንግዳ

(ጠባብ ቢሮ። ሊቁና ቀሰስ አፕ ሠሪዎች ናቸው፤ ቀሰስ የሊቁን እህት ነው ያገባው። ለፀጉር ቤት ወረፋ ማስያዣ የሠሩት አፕ አሁንም ስታክ አድርጎ፣ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አለቃቸው ሊያየው እየመጣ ነው።)

ሊቁ፦ አልኩህ እኮ፣ ጥፋቱ አፑ ውስጥ የከተትከው ያንተ ሰዓት ነው። ወረፋ የሚቆጥረው። ገጹ ሲከፈት ታስጀምረዋለህ፤ ሲዘጋ ማን ያቆመዋል?

ቀሰስ፦ እኔ ነኛ።

ሊቁ፦ አንተ? ቧንቧ ከፍቶ የሚረሳ ሰው? እህቴ ነግራኛለች።

ቀሰስ፦ የቧንቧው ሌላ፣ የአፑ ሌላ።

ሊቁ፦ ስማ፣ ላስረዳህ። ገጽ ማለት እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ወንበር ይይዛል፣ ሲሄድ ይለቃል። የሆነ ነገር ጨምድዶ ከያዘው ግን አይሄድም። ሌላ እንግዳ ይደረባል፣ ሜሞሪው ይሞላል፣ ስልኩ ቀጥ ይላል።

ቀሰስ፦ መሄድ እየፈለገ ነው የተያዘው?

ሊቁ፦ አዎ።

ቀሰስ፦ ምስኪን። ማን ነው የያዘው?

ሊቁ፦ ያንተ ሰዓት ነዋ! ስንቴ ልንገርህ?

ቀሰስ፦ እኔ እኮ ገጹ ሲዘጋ አቁም ብዬዋለሁ።

ሊቁ፦ ብለኸዋል። እሺ ብሎሃል?

ቀሰስ፦ ሰዓት እሺ አይልም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ካንተ ይሻላል።

(ከኮሪደሩ የእግር ኮቴ ይሰማል።)

ሊቁ፦ መጣ። ዛሬም ስታክ ካደረገ አንዳችሁ ትሰናበታላችሁ ብሏል፤ የምሰናበተው ደግሞ እኔ አልሆንም። ጥፋተኛው ተነስቶ በገዛ አፉ ይናገር። ተስማማህ?

ቀሰስ፦ እሺ። ለእህትህ ግን አንተ ትነግራታለህ።

ሊቁ፦ እነግራታለሁ። በል ያልተለቀቀውን ነገር ኮምፒውተሩ ያሳየን። ጮክ ብለህ አንብበው።

ቀሰስ፦ (ስክሪኑን ተጠግቶ) ሰዓት የለም። ፎቶ አለ። ባለ ከረባት ሰውዬ።

ሊቁ፦ ደግሞ እሱ ማን ነው?

ቀሰስ፦ ከሥሩ ሌላ ባለ ከረባት። ከሥሩም ሌላ። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ኧረ አንድ ሰው ነው።

ሊቁ፦ ማን የሚሉት ቀበጥ ነው ፎቶውን አፕ ውስጥ የሚከት?

ቀሰስ፦ (ስክሪኑን እያዞረለት) እስቲ እየው።

(ሊቁ ያያል።)

ቀሰስ፦ «የአፑ ሠሪ» ብለህ በየገጹ ግርጌ የለጠፍከው የራስህ ፎቶ ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ፎቶ ይመጣል፣ አሮጌው አይለቀቅም። እንዳይለቀቅ ብለህ የጻፍከውም አንተ ነህ።

ሊቁ፦ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር እኮ።

(የበሩ እጀታ ይዞራል።)

ቀሰስ፦ በል ተነስ። በገዛ አፉ ይናገር ያልከው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ (ከረባቱን እያስተካከለ) ፎቶው ግን አያምርም?

ቀሰስ፦ ያምራል። ስልኩ ነው ያልቻለህ።