ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም የለች፣ በረትም የለም። ያለው ጫካ ነው። ጫካውም ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ ዘፋኝ ለመሆን በሚመኙበት፣ አድማጭ ለመሆን የሚፈቅድ በጠፋበት ዘመን የነበረ ነው።

በዚያ ጫካ ዳር፣ ሣር በበዛበት ገደል አፋፍ ላይ አንድ ፍልፈል ይኖር ነበር። ዓይኑ ደካማ፣ ጥርሱ ረጅም፣ ጠባዩም እንደ ጥርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ዜማ ያውቃል። ዝናብ መሬቱን ሲደበድብ ከሥር ሆኖ ምቱን ይቆጥራል፤ የዛፍ ሥር ሲሰነጠቅ ድምፁን ይይዛል፤ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ጋደም ብሎ ያንጎራጉራል። ሰባት ክረምት እንዲህ ሠርቶ አሥር ዘፈን ጨረሰ። ለአሥር ዘፈን ሰባት ክረምት በዛ የሚል ካለ፣ እሱ ዘፈን ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ይነጭ ነበር። ጭላዳ አንዴ ከተቀመጠ ቀኑን ሙሉ አይነሣም። እጁ ሣሩን፣ ጆሮው ከሥር የሚመጣውን ዜማ እየለቀመ ሰባት ክረምት በላ። በስምንተኛው ዓመት ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጎፈሬውን አበጠረ፤ ጉማሬን ቤዝ ጊታር አስያዘ፤ ግንደ ቆርቁርን ከበሮ ላይ አስቀመጠና «መሬት አንቀጥቅጥ» የሚባል የሮክ ባንድ አቋቋመ። አዲሱን አልበም ለማስተዋወቅም በአራት ሜዳዎች ላይ ኮንሰርት እንደሚያቀርቡ በየዛፉ ላይ ፖስተር ተለጠፈ።

ፍልፈል ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ድንች ሲበላ ነው። ጣራው ተንቀጠቀጠ፤ የገዛ ዜማው ከላይ ወደ ታች ወረደበት። ድንቹን ጥሎ ወጣና አንዱን ፖስተር አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አነበበ። «ድምፅ፦ ጭላዳ። ቤዝ ጊታር፦ ጉማሬ። ከበሮ፦ ግንደ ቆርቁር። ጎፈሬ ማበጠር፦ የጭላዳ ሦስተኛ ሚስት። ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በፀሐይ እየተደናበረ ወደ ባንዱ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሸለምጥማጥ ሄደ።

ሸለምጥማጥ በሩ ድረስ ወጥቶ አቀፈው። ሸለምጥማጥ የሚያቅፈው ሁለት ዓይነት ፍጡር ነው፤ ሊበላው ያሰበውን፣ ወይም በልቶ የጨረሰውን።

«አያ ፍልፈል! ምነው በቀን? ደኅና ነህ?»

«ዘፈኖቹ የኔ ናቸው።»

«የሁላችንም ናቸው እንጂ ወንድም ዓለም! እዚያ ተጽፎ የለ? የሕዝብ።»

«ሕዝቡ መቼ ሠራቸው? እኔ ነኝ የሠራኋቸው።»

ሸለምጥማጥ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆይ፣ ቆይ። አንተ ሕዝብ አይደለህም?»

«ሕዝብማ ነኝ።»

«ታዲያ ስምህ ተጽፏል። ወይስ ከሕዝብ መቆጠር አሳፈረህ? ይህን ነገር ሌላ ቦታ እንዳትናገረው፤ የሚሰሙህ ሁሉ እንደኔ ወዳጅ አይደሉም።»

ፍልፈል ተማሪ ቤት ሳለ ብዙ ዓይነት ክርክር ተምሮ ነበር፤ ይህን ግን አላስተማሩትም። ሕዝብን ሊሰድብ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጉዳዩን ወደ ኪነት ጉባኤ ወሰደው። የጉባኤው ሰብሳቢ ኤሊ ነበር፤ የተመረጠውም አስቸኳይ አቤቱታዎችን ቶሎ ቶሎ እንዲጨርስ ተብሎ ነው። በዚያ ጫካ ሹመት የሚታደለው እንዲህ ነበር፤ ለዓሣ ማገዶ ለቀማ፣ ለኤሊ ጥድፊያ።

«ዘፈኑን ስትሠራ ያየህ አለ?» አለ ኤሊ።

«ጉድጓድ ውስጥ ማን ያየኛል ጌታዬ? የሰማኝ ግን አለ» አለና ጎረቤቱን የምድር ትልን አቀረበ። ትል አሥሩንም ዘፈን ቃል በቃል ደገመ፤ የትኛው በየትኛው ክረምት እንደተሠራ፣ ፍልፈል የቱ ላይ ተበሳጭቶ ግድግዳ እንደነከሰ ጭምር ተናገረ። ጉባኤተኞቹ ሳያስቡት እግራቸውን እየመቱ አዳመጡት።

ኤሊ አንገቱን አስረዝሞ ምስክሩን መረመረው። «ዓይን አለህ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«ሕጉ የዓይን ምስክር ነው የሚለው።»

«ዘፈን በዓይን ነው እንዴ የሚታየው?» አለ ፍልፈል።

«ይኸው፣ አሁን ደግሞ ሕጉን ዘለፍክ» አለ ኤሊ፤ አንገቱንም ወደ ቅርፊቱ መለሰ። አንገቱ ከገባ ጉባኤው ተበተነ ማለት ነው።

ከደጅ ሸለምጥማጥ ይጠብቀው ነበር። ጠላት ሲሸነፍ ማጽናናት የአሸናፊ ወግ ነው። «ስማኝ አያ ፍልፈል፣ ጽሑፍ ምን ያደርግልሃል? ፖስተር ዝናብ ያጥበዋል። ከኛ ጋር ና። መድረክ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ጭላዳ ራሱ በአፉ ስምህን ይጥራው። እስከዚያው ደግሞ ለመድረኩ ምሰሶ ጉድጓድ የሚቆፍርልን አጥተናል።»

ፍልፈል አሰበ። የፈለገው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ስሙ እንዲጠራ ብቻ። «እሺ» አለ።

መጀመሪያ ረግረጋማው ሜዳ ላይ አረፉ። ፍልፈል ስምንት ጉድጓድ ቆፈረ፤ ምሰሶው ቆመ፤ ጭላዳ ወጣና ጥርሱን እስከ ድዱ ገለጠ። እንስሳቱ አበዱ። ሲጨርስ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነ፤ እንቁራሪቶችን ዝም ስላሉለት፣ ትንኞችን ስላልነከሱት፣ ሚስቶቹን በሙሉ በየስማቸው። ፍልፈል መድረኩ ሥር ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ስሙ አልመጣም።

«ረስቶት ነው» አለው ሸለምጥማጥ። «የኪነት ሰው ልብ ታውቀው የለ? በሚቀጥለው።»

በሚቀጥለው ሜዳ ደጋፊው ብዙ ስለነበር መድረኩ ከፍ ተደረገ፤ ፍልፈል አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረ። ጭላዳ ደመናን አመሰገነ። በሦስተኛው ሜዳ አሥራ ስድስት ቆፈረ። በዚያ ቀን ነፋስ ነበር፤ መድረኩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ቢልም ሳይወድቅ ቀረ። ጭላዳ በመጨረሻ ዕንባውን እየጠረገ «ዛሬ ስሙን ሳልጠራው የማላልፈው አንድ ባለ ውለታ አለኝ» አለ።

ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አወጣ።

«እነዚህ ምሰሶዎች!» አለ ጭላዳ፤ ሜዳውም ለምሰሶዎቹ አጨበጨበ።

በማግስቱ፣ ባንዱ ሲለማመድ፣ ፍልፈል ከምሰሶዎቹ ሥር ገብቶ አፈሩን ይምሰው ጀመር። በሁለት ንክሻ ጉማሬም ጊታሩም ጭላዳም ጎፈሬውም አንድ ላይ ይወርዱ ነበር። አንዱን ነከሰ። ሁለተኛውን ሊነክስ ሲል ከላይ ሦስተኛው ዘፈኑ ጀመረ፤ በአራተኛው ክረምት የሠራው፣ ብዙ ያስለቀሰው። ጥርሱን ከፍቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ካለቀ በኋላ አራተኛው ጀመረ። የገዛ ልጁን መሀል ላይ የሚያቋርጥ ማን አለ? አፉን ዘግቶ ወጣ። ጥበበኛን የሚገድለው ጠላቱ ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑም ያግዛል።

የመጨረሻው ኮንሰርት የዋለው ዋርካዎች ባሉበት ሰፊ መስክ ላይ ነበር። የዚያ አገር እንስሳት የቆየ ወግ አላቸው። አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ከሰጠ፣ ዘፋኙ ምርቃትም ሆነ ስድብ ሳይለውጥ ተቀብሎ ይዘፍናል፤ አልቀበልም ያለ ከዚያ ቀን ወዲያ ዘፋኝ አይባልም። ጭላዳ ይህን ወግ የደጋ ሰው ስለሆነ አላወቀም፤ ሸለምጥማጥ ግን ያውቅ ነበርና ፊት ለፊት ያሉትን መቀመጫዎች በወዳጆቹ ሞልቷቸዋል። ከሥር የሚመጣ አለ ብሎ ግን አልጠረጠረም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አምስተኛው ዘፈን እንዳለቀ፣ ከመድረኩ ፊት አፈር ቡልቅ አለና አንድ ጥርሳም ራስ ብቅ አለ።

«ተቀበል!»

ጭላዳ ሸለምጥማጥን አየ። ሸለምጥማጥ እንስሳቱን አየ፤ ሺህ ዓይን ይጠብቃል። ጥርሱን ነክሶ «ተቀበለው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፍልፈልም ሰባት ክረምትና ሦስት ሜዳ ያጠራቀመውን አወጣው፦

«አፈር ለአፈር ሄጄ ዘፈን ብዘራበት፣
ጎፈሬ አበጥሮ መጣ ሊያጭድበት።
ግጥሙም የፍልፈል ነው ዜማውም የፍልፈል፣
አፍ ስለከፈተ ስሜን እንዳይካፈል።»

ጭላዳ ምን ያድርግ? ተቀበለ። እውነት ለመናገር ደግሞ፣ አሳምሮ ተቀበለ። ድምፁን ሰበረው፣ አንጠለጠለው፣ «ፍልፈል» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ መስኩ አስተጋባ። ፍልፈል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ከፀሐይ በታች፣ በጫካው ትልቅ ጉሮሮ ሲጠራ ሰማ። «ተፈጸመ» አለ በልቡ፤ «ከእንግዲህ ቢቀብሩኝም ቤቴ ነው።»

ሜዳው በዕንባ ተናጠ። ከርከሮ አፈር አፍሶ ፊቱ ላይ ቀባና «በደል ነው! ሁላችንም ፍልፈል ነን!» ብሎ ጮኸ። ዝንጀሮዎች ተከተሉት፤ ሚዳቋዎች ተከተሉ። «ሁላችንም ፍልፈል ነን!» እየተባለ አፈር ተራጨ። በመጨረሻ ጭላዳ ራሱ ከመድረክ ወረደ፤ ጎፈሬውን አፈር ውስጥ አንከባለለና እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እያለቀሰ «እኔም ፍልፈል ነኝ!» አለ። ከዚህ የበለጠ ጭብጨባ በዚያ ጫካ ተሰምቶ አያውቅም።

በዚህ ግርግር ውስጥ ስድስት እንስሳ ፍልፈልን ረገጠው። አንዱ «ይቅርታ ወንድሜ ፍልፈል» አለው፤ እሱም አህያ ነበር፣ የሚያወራውም ከሌላ አህያ ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫካው ሁሉ ያውቀዋል። በአልበሙ ላይ አሥራ አንደኛ ዘፈን ተጨመረ፤ ስሙም «ፍልፈል ነን» ተባለ፤ ከሥሩም «ግጥምና ዜማ፦ ሁላችንም» ተብሎ ተጻፈ። ፊት ላይ አፈር መቀባት ፋሽን ሆነ። ጉማሬ እንኳ ውኃ ውስጥ ገብቶ መታጠብ ተወ። ኤሊ የሚመራው ጉባኤም በአስቸኳይ፣ ማለት በሦስት ዓመቱ፣ ለተበደለው ፍልፈል የመታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም ወሰነ። ሐውልቱ ሲሠራ ፍልፈል ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ትንሽ ጎፈሬ ተደረገለት።

ምርቃቱ በታወጀ ቀን ፍልፈል ማልዶ ተነሣ። ለክብሩ ብሎ ወንዝ ወርዶ ተጣጠበ፤ ፀጉሩን ላሰ፤ ጥፍሩን ሞረደ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም። ከትል ጋር ተሳስመው ተለያዩና በፀሐይ እየተደናበረ ወደ ሐውልቱ አጥር ደረሰ።

በሩ ላይ ጅብ ቆሟል። ፊቱ እስከ ጆሮው አፈር ነው።

«ማን ልበል?»

«ፍልፈል ነኝ።»

«ሁላችንም ነን። ወረፋ ያዝ።»

«አይደለም አያ ጅቦ፣ እኔ የእውነቱ ነኝ። ሐውልቱ የኔ ነው።»

«ኧረ ባክህ? ቅድም ዝሆን እንደዚሁ ብሎኝ ገባ። እሱስ ቢያንስ ደጋፊ ነው፤ አፈሩ ከኩምቢው ይረግፋል።» ጅብ አጎንብሶ አሸተተው፤ ከዚያ አፍንጫውን ሸበሸበ። «አንተ ግን ተመልከት፣ ወንዝ ወንዝ ትሸታለህ። በዛሬው ቀን ፊትህን ታጥበህ ስትመጣ አታፍርም? ሰው ተበድሎ፣ አንተ ሽቅርቅር! ዞር በል፤ የፍልፈል ወዳጆች ይለፉ።»

ከኋላው ያሉት አጉረመረሙ። አንዲት ቆቅ «እንዲህ ዓይነቱ ነው እኮ ፍልፈልን የበደለው» አለች። ፍልፈል ዞር አለ። ከአጥሩ ውስጥ ጭላዳ ሐውልቱን አቅፎ አሥራ አንደኛውን ዘፈን ጀምሯል፤ ሕዝቡም እያለቀሰ ይቀበለዋል።

ፍልፈል ከመንገዱ ዳር መቆፈር ጀመረ። ወገቡ ድረስ ሲገባ አንገቱን ብቻ መለሰና በበሩ ለተሰለፉት እንዲህ አላቸው፦

«ሌባው ዘፈኔን ነው የወሰደው፤ ስሜን ግን የወሰዳችሁት እናንተ ያዘናችሁልኝ ናችሁ።»

ወረፋው ለዚህም አጨበጨበ።