የውስጥ ጨለማ ሒሳብ

ተረቴን ልጀምር ነው፤ የተቀመጣችሁበት ቤት ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ወደ መሃል ጠጋ በሉ።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ የምትኖር እመት ጥንቸል የምትባል እርጉዝ ነበረች። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እሷ ግን የምትወልድበት ጉድጓድ አልነበራትም። በጋውን ሙሉ ለቅማ ያጠራቀመችው ሠላሳ ሽምብራ ነበር። ሃያውን ለቤት ማሠሪያ መደበች፤ አሥሩን ለአራስነቷ ደበቀች።

የጫካው ተቋራጭ አያ ፍልፈል ነበር። ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ በሃያ ሽምብራ ሊቆፍርላት ተስማማ። ውሉም በዋንዛ ቅጠል ላይ ተጽፎ ለመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ለእመት ፍየል ተሰጠ። አራዊቱ ፍየልን እዚያ ሲሾሙ ምን እያሰቡ እንደነበር እኔም አላውቅም።

ሥራው ሲያልቅ ፍልፈል ሒሳቡን ይዞ መጣ። ስድሳ ሽምብራ ይላል።

«ምነው አያ ፍልፈል፣ በሃያ አልነበር የተስማማነው?» አለች ጥንቸል።

«እሱ የቁፋሮው ነው። አፈር ማውጫ አሥራ አምስት። አፈሩ ሲወጣ በምትኩ ለገባው ባዶ ቦታ አሥር። ለጨለማው ደግሞ አሥራ አምስት።»

«ጨለማም ይሸጣል እንዴ? ማታ ማታ በነፃ ይመጣ የለም?»

«የማታው የውጭ ጨለማ ነው። ይሄ የውስጥ ነው፤ ቀንም ይሠራል።»

ጥንቸል በንዴት ጆሮዋ ቆመ። ውሏን ልታወጣ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። እመት ፍየል እያመነዠከች በትሕትና ተቀበለቻትና «ውልዎ ደርሶናል፤ በጣም ጥሩ ውል ነበር» አለቻት።

ነገሩ ወደ ሽማግሌው ወደ አቶ ኤሊ ሄደ። አቶ ኤሊ ቤታቸውን ተሸክመው ስለተወለዱ ከተቋራጭ ጋር ተነጋግረው አያውቁም። ሁለቱን ሰምተው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ስንት እንደተስማማችሁ አልጠይቅም» አሉ። «የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ እንጂ መመርመር አይደለም። አንቺም እንዳይከፋሽ፣ እሱም እንዳይከፋው፣ ግማሹን ክፈይ።»

የስድሳ ግማሽ ሠላሳ ነው። ፍልፈል ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ስድሳ ብሎ የመጣውም ለዚሁ ነው። ጥንቸል የአራስነቷን አሥር ጨምራ ከፈለች። አራስ ሳለች የበላችው ሣር ብቻ ነው፤ ይህን ባወራሁ ቁጥር ያናድደኛል።

በዚያው ክረምት አቶ ኤሊ ከገደል ተንከባለሉና የጀርባቸው ድንጋይ ልብስ ተሰነጠቀ። ፍልፈል በአምስት ሽምብራ ሊጠግንላቸው ተስማማ፤ ውሉም እንደ ልማዱ ወደ እመት ፍየል ሄደ። ጨርሶ ሒሳቡን ሲያመጣ ግን አርባ ሆኖ ነበር። ኤሊ አሁን በተራቸው ሽማግሌ ፈለጉ፤ አራዊቱም ጥንቸልን መረጡላቸው። አራት ልጆቿን አስከትላ መጥታ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ በአምስት ነበር እኮ የተስማማነው» አሉ ኤሊ እያለቀሱ። «በዚያ ላይ የጨለማ ብሎ ሃያ ጻፈብኝ። ይህ ጨለማ ስወለድ አብሮኝ የመጣ ነው።»

«ውልዎስ?»

ሁሉም ዞረው እመት ፍየልን አዩ። ገና እያመነዠከች ነበር።

«የውስጥ ጨለማ ውድ ነው አባባ፤ ቀንም ይሠራል» አለች ጥንቸል። «ስንት እንደተስማማችሁ አልጠይቅም። እርስዎም እንዳይከፋዎት፣ እሱም እንዳይከፋው፣ ግማሹን ይክፈሉ።»