ግማሹ የተነሣበት ፎቶ

ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲቀመጥ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንፋሹን ሳይቀር ይይዛል። እኔ ወሬ ስለማልችል ሰው ማየት ይቀናኛል። አዲሱ ገበያ ፎቶ ቤት ከገባሁ ወዲህማ ሥራዬ ሆነ።

ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄን አዝዬ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ ኮምፒውተሩን በዓይኔ ለመድኩት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሔኖክ አንድ ቀን፣ "በይ፣ የእድሩን ረጅም ፎቶ አንቺ ሥሪው። ካማረ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ካላማረ ወደ መቀስሽ" አለኝ።

ረጅም ፎቶ ከግራ ወደ ቀኝ በቁራጭ በቁራጭ ይነሣና ኮምፒውተር ላይ ይጋጠማል። የሽሮ ሜዳ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጋቢስ ሁለት ሆኖ ተሸምኖ አይደል መሐሉ ላይ የሚሰፋው? ስፌቱ ካልታየ ጎበዝ ነሽ።

አባላቱ አዳራሹ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ሔኖክ ከግራ ጀመረ። መሐል ሲደርስ የእድሩ አዛውንት አባባ ወልዴ አርፍደው በበሩ ብቅ አሉ። በቃ! ሰዉ ሁሉ "ኖር!" ብሎ ብድግ። እሳቸው "በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር!" ይላሉ። ሔኖክ ግን ዓይኑ ካሜራው ላይ ተተክሏል፤ እስከ ቀኝ ጫፍ አንሥቶ ጨረሰ። ሰዉም ለቅሶ ቤት ይጠበቅ ስለነበር ወዲያው ተበተነ።

ስገጣጥመው ጉዱ ወጣ። የግራዎቹ ዘና ብለው ተቀምጠዋል። የቀኞቹ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ስፌቱ ላይ የዋሉት ጋሽ ታደሰማ በአንዱ ቁራጭ ተቀምጠው፣ በሌላው ቆመው፣ ባለ ሁለት ራስ ሆነው አረፉት። አንዱን መፋቅ አለብኝ። የትኛውን? ሚስታቸው ለሽማግሌ አለመነሣትን እንደማትምር ስለማውቅ የተቀመጡትን ፋቅኩ።

ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ጭቅጭቁ ፈላ።

"እኛም እኮ ተነሥተናል! ካሜራው ካለፈን በኋላ ነው እንጂ!" አሉ የግራዎቹ።

"አዬ፣ ፎቶ ይዋሻል እንዴ?" አሉ ከቀኝ እትዬ አስካለ።

"የእኔ እመቤት፣ አንቺስ ምንሽ ታየ? ሻሽሽ ብቻ!" አሏቸው ከግራዎቹ አንዷ።

እውነት ነው። ያጎነበሱት ፊት የላቸውም፤ ያለው መላጣና ሻሽ ነው። የተቀመጡት ግን ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል። ሔኖክ ገላመጠኝ። እኔ መቀሴ ታየኝ።

አባባ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ኋላ፣ "ስንት ዘመን ስትነሡልኝ እኔም አቀርቅሬ ስለማልፍ፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ይሰቀል። ለእኔም ቤት አንድ ይታተምልኝ" አሉ።

እሳቸው ካሉ ማን ይናገራል? ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የግራዎቹ ግን አልተኙም። ፎቶ ቤት ብቅ እያሉ፣ "እህቴ፣ በኮምፒውተር ብድግ አታደርጊኝም?" ይሉኛል። ብድግ የሚያደርግ ቁልፍ የለውማ!

ባለፈው እሁድ የእናቴን መልእክት ላደርስ የእድሩ ስብሰባ መሐል ልጄን አዝዬ ገባሁ። በሩን ገፋ ከማድረጌ የግራዎቹ በሙሉ "ኖር!" ብለው ተነሡ። ለእኔ! በእግዚአብሔር ብል፣ ኧረ ተቀመጡ ብል፣ ወይ ፍንክች። ሁለት እጄን አይተው ካሜራ አለመያዜን እስኪያረጋግጡ አንድም ሰው አልተቀመጠም።