ነዶ የሚያስረው አማች

በከተማችን ሥራህ በአንድ ቃል ካልተነገረ ሥራ የለህም ማለት ነው። ሾፌር፣ ነርስ፣ ወርቅ ሠሪ፤ አለቀ። ሁለት ቃል ከፈለገ ሰሚው ዓይኑን ያጠባል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጠየቀ ደግሞ «ምን ሆኖ ነው ልጁ?» እያለ ከንፈሩን ይመጣል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትካዱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ሰፈሬ «ማተሚያ ቤት ነበር» ብሎ ገላገለኝ፤ ምን እንደማርም የጠየቀኝ የለም። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ሰላምታም ባልሰጡኝ ነበር።

ዶክተር ብሩክ ግን በዚህ የሚገላገል አልሆነም። ዶሮ ማነቂያ ከኔ ቤት አጥር ለአጥር ያደገ ልጅ ነው፤ አሁን አራት ኪሎ ሒሳብ ያስተምራል። ራሔል የምትባል ልጅ ወደደ፣ ወደደችውም፤ ነገር ግን «አባቴ ካልመረቀኝ አላገባም» አለችው። እናቱ እትዬ ዘነበች ወዲያው ሦስት ሽማግሌ መረጡ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አቶ ውብሸት አንደበታቸው ስለማይታሰር፣ ጨርቅ ሻጩ ሐጂ ሰይድ የልጅቷን አባት ከጥንት ስለሚያውቁ፣ እኔ ደግሞ መነጽር ስለማደርግ ነው።

የራሔል አባት ጋሽ ታምሩ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፋሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱም ሱቁም ለአባትና ለልጅ ብቻ ቀርቷል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄደን፣ እንደ ወጉ ሳንቀመጥ ጉዳያችንን ተናገርን። ሽማግሌ ፊት እስኪሰጠው ድረስ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ ይህን ወግ ያወጣው ሰው ጉልበቱን አሞት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ ጋሽ ታምሩ።

«ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል» አልን በኩራት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ልጄ እንደምትለኝ ከማስተማሩ ሌላ ዓመታት የያዘው ሥራ አለ። እሱ ምንድን ነው?»

ሦስታችንም አናውቅም ነበር። «እንግዲያው አውቃችሁ ኑ» ብለው ሸኙን። መጀመሪያ ቀን መመለስ ያለ ነው፣ ማንም ቅር አላለውም።

በማግስቱ ብሩክን ፒያሳ ኬክ ቤት ቀጠርኩትና «አስረዳኝ» አልኩት። ስሙ የሊ አልጀብራ ሞዱላር ውክልና ነው ሲለኝ ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ በቀጥታ የማይታይ ነገር አለ እንበል» አለና ሶፍት ላይ መሣል ጀመረ። «ስለዚህ ከየአቅጣጫው እየገፋን እንጠይቀዋለን። የምንቆጥርበት ሰዓት ሦስት ቁጥር ብቻ ያለው ነው ይበሉ፤ እኔ በምመርጣቸው አቅጣጫዎች ሦስቴ ከተገፋ ምንም አይቀረውም።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«ገና በመጀመሪያው ግፊት ዝም ያለውን እሰበስባለሁ። ከየአቅጣጫው የሰበሰብኩትን ከጎረቤቱ ጋር አገጣጥሜ አስረዋለሁ። እኔ ነዶ ነው የምለው። ዝምታው በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ ነዶው የተስተካከለ ነው። አንዱ ጋ ብቻ ዝምታው ከበዛ ግን እዚያ ላይ ይጎብጣል። የነገሩ ምሥጢር ያለው እዚያ ነው።»

«ጥቅሙስ?»

«ያምራል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ይህን ያህል የሚወደውን ነገር ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ሲናገር አንጀቴን በላው።

በሁለተኛው እሁድ ሶፍቱን ከኪሴ ሳላወጣ አቶ ውብሸት ቀደሙኝ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትንሽ ቢያሳምር እንደ ውሸት አይቆጠርበትም፤ እሳቸው ግን ትንሽ የሚባለውን አያውቁም። «ልጁ የኮምፒውተር ሰው ነው! ትልልቁ መሥሪያ ቤት ሁሉ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም!»

«ባለፈው ሱቅ መጥቶ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርግልኝ ብለው አጠፋብኝ» አሉ ጋሽ ታምሩ። እንደገና ተሸኘን። እትዬ ዘነበች አለቀሱ፤ ብሩክ ክፍሉን ዘጋ።

ሦስተኛው እሁድ የመጨረሻችን መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ሶፍቱን ዘርግቼ፣ ግፊቱን፣ ዝምታውን፣ ነዶውን፣ ሳላሳምር አንድ በአንድ ተናገርኩ። ጋሽ ታምሩ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን እያፍተለተሉ ሰሙኝ።

«ባለ መስመር ጨርቅ መስፋት ነዋ!» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ ቁራጭ ከጎኑ ካለው ጋር ስፌቱ ላይ መስመር ለመስመር መግጠም አለበት። የማይገጥምበትን ቦታ የሚፈልግ ልጅ ነው። ይህማ ሥራ ነው!»

አራት ኪሎ ያሉ ባልደረቦቹ እንኳ እንዲህ ስለመረዳታቸው እጠራጠራለሁ። አቶ ውብሸት ሊቀመጡ ወንበር ሲስቡ ጋሽ ታምሩ ቀጠሉ። «ገባኝ። ልጄን ግን አልሰጥም።»

ያኔ ከየአቅጣጫው ገፋናቸው። ጠባዩ? «ጨዋ ነው።» ቤተሰቡ? «ምን ይወጣላቸዋል።» ደመወዙ? «ከኔ ይሻላል።» ሲጋቡስ የት ቢኖሩ ይወዳሉ? ዝም። አቶ ውብሸት አያት አካባቢ፣ ከከተማው ዳር፣ ጥሩ ኮንዶሚኒየም አለ አሉ። አሁንም ዝም። ነዶው የጎበጠው እዚህ ጋ እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንደምል ግን አላወቅሁም። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሐጂ ሰይድ ናቸው የተናገሩት።

«ታምሩ፣ ራሔል ስትሄድ መርፌህ ውስጥ ክር ማን ይከትልሃል?»

ጋሽ ታምሩ ሜትራቸውን ጠቀለሉ፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት። «እንዴት አወቅህ?»

«የሸጥኩልህን ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ክር ሰፍተህ አይቼ።»

ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከልጃቸው በቀር ለማንም አልነገሩም። ደንበኛ ይሸሻል ብለው ፈርተው ነው። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ መነጽሬን አመካኘሁ።

ጥንዶቹ ከሱቁ እንደማይርቁ ቃል ገብተን ምርቃቱን አገኘን። ብሩክና ራሔል ተጋብተው ዶሮ ማነቂያ እትዬ ዘነበች ግቢ ገቡ። ዶክተሩ በየጠዋቱ አራት ኪሎ ከመሄዱ በፊት አማቱ ሱቅ ጎራ ይልና አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር ከትቶ፣ በየቀለሙ ደርድሮ ይሄዳል። ሰው ጋሽ ታምሩን «አማችዎ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ለአፍታ አያመነቱም።

«ልብስ ሰፊ ነው።»

ሰፈሩም ተገላገለ። አሁን እትዬ ዘነበች ደጅ ሱሪ ታቅፈው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ልጁ ደግሞ እንቢ ማለት አያውቅም። እኔም ባለፈው ኪሱ የተቀደደ ባለ መስመር ኮቴን ወስጄ አሰፋሁ። ኪሱ ተጣሟል፣ እጄም አይገባበትም። መስመሩ ግን ግጥም ብሏል።