ክቡር ጓዝ ጠቅልሉ እና የለጋሾቻቸው ሲስተም

የትም ብትሄዱ፣ የትኛውም ቢሮ ብትገቡ፣ የተያዘው ነገር ሁሉ የማይጥመው አንድ ሰው አታጡም። ወንበሩ ቢመቸው ጠረጴዛው ይጎረብጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ቢፈጥን ፕሮግራሙ ያዘግምበታል። ዛሬ የተከለውን ነገ ነቅሎ ሌላ ካልተከለ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። እንዲህ ያለ ሰው በቢሮዬ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ራሳችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁና ባልደረቦቻችሁን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ።

የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ነርስ እየላከ የሚያስታምም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። የዚያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ብዙ የቻለች ሴት፣ እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከእሷ ክፍል ቀጥሎ፣ ስስ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው፣ ክቡር ጓዝ ጠቅልሉ ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ስልክ ሲያነሱ ይቆማሉ፣ ሲቆሙ ይራመዳሉ፣ ግድ ሆኖባቸው ወንበር ላይ የዋሉ እንደሆነ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር የልብስ ስፌት መኪና ይረግጣል።

የክቡርነታቸው ሥራ የለጋሾችን መረጃ መያዝ ነው። ማን በየወሩ ይሰጣል፣ ማን ተመሰገነ፣ ማን ድምፁን አጠፋ፣ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ሲስተም ይቀመጣል። በአንድ ሲስተም አልን እንጂ ነገሩስ እንደዚያ አይደለም። ክቡርነታቸው አንዱን ሲስተም አስገብተው፣ ሠራተኛውን አሠልጥነው፣ ሁሉም ሰው ተመስገን ማለት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት እጃቸውን እያፋተጉ በበሩ ብቅ ይላሉ።

«ይሄኛው ግን ይለያል!»

ያን ጊዜ የለጋሾቹ ስም ሁሉ እንደገና ተሸክፎ ወደ አዲሱ ቤት ይዛወራል። ቅጽል ስማቸውንም ያወጣችላቸው በዚህ የተነሳ የተማረረችው ገንዘብ ያዥዋ ናት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በየጊዜው አዲስ አማች ቤት የምገባ ሙሽራ ሆንኩ» ትላቸዋለች። «ማንኪያው የት እንደሚቀመጥ ገና ስለምድ፣ ተነሺ ጓዝሽን ጠቅልዪ!» ክቡርነታቸው ግን አይሰሟትም፤ የአዲሱን ሲስተም ቁልፎች እያሳዩዋት ነው።

ሲስተም ሻጮች ሲመጡ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። አንድ ጊዜ ክራቫቱን ያሳመረ ወጣት መጥቶ፣ ስዕሎቹን ግድግዳው ላይ እያበራ፣ የሥራ አስኪያጇን ልብ አሸፈተው። ነገሩ ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይከፋም። በቃ ይሄን ወስደን እንረፍ ብላ ልትናገር አፏን ስትከፍት ክቡርነታቸው ቀደሟት።

«ሁለት ለጋሾች ቢጋቡስ?»

«እ... ይጋቡ?» አለ ወጣቱ።

«ይጋቡ! አሁን አንድ ቤት ሆኑ። ሁለት የምስጋና ደብዳቤ ልንልክላቸው ነው?»

ወጣቱ ፈልጎ ፈልጎ ሁለት ሰዎችን አንድ ቤት የሚያደርገውን ቁልፍ አገኘና ፊቱ በራ። ደስታው ግን አልቆየለትም።

«ቢፋቱስ?»

«ጌታዬ... እሱን እንኳን አላሰብንበትም።»

«እንግዲያው ይሄ ሲስተም የሚያውቀው ሰርግ ብቻ ነው!» ብለው ብድግ አሉ። ወጣቱ ላቡን እየጠረገ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ከንፈሯን ነክሳ ቀረች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሻጭ ሁሉ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ይህችኑ የፍቺ ጥያቄ ሳይጠየቅ ከበሩ አልወጣም። ክቡርነታቸው ከትዳር ጋር ምን ጉዳይ እንዳላቸው ለማንም ግልጽ አልነበረም፤ እሳቸው እንደሆነ ሚስት አግብተውም አያውቁም።

የአቶ ሙከራን ነገርማ ባናነሳው ይሻል ነበር፤ ግን አያስችልም። አዲስ ሲስተም ሲሞከር የውሸት ለጋሽ ያስፈልጋል። ክቡርነታቸው «አቶ ሙከራ ሙከራ» የሚባል ሰው ፈጥረው፣ ድምሩ በትክክል ይሠራ እንደሆነ ለማየት እጁን እጅግ ለጋስ አደረጉት። ሞክረው ሲጨርሱ ማጥፋቱን ረሱ። አቶ ሙከራም ከሌላው ሰው ጋር ጓዙን ጠቅልሎ ከሲስተም ሲስተም ሲዛወር ኖረ። ለለጋሾች ምስጋና በተዘጋጀው ጉባኤ ላይ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ የሆኑት ጡረተኛ ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ፍርድ በሚያነቡበት ድምፅ፣ «ከሁሉ አስቀድሞ፣ ውለታቸው ተወርቶ የማያልቀው አቶ ሙከራ ሙከራ እባክዎ ይቁሙልን» አሉ።

አዳራሹ ወደ ኋላ ዞረ። ማንም አልተነሳም። ሥራ አስኪያጇ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዳኛው ትንሽ ጠብቀው፣ «ትሑት ሰው ናቸው፤ መታየት አይወዱም» አሉና አስጨበጨቡላቸው። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ስትጠርግ ታየች። ዳኛው እውነቱን የሰሙ ቀን ግን ምንም አልሳቁም።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ስልኩ ነው። ክቡርነታቸው አሮጌ መረጃ አያምኑም። ጓዝ በተጠቀለለ ቁጥር፣ አዲሱ ቤት የሚገባው የተጣራ ነገር ብቻ መሆን አለበት ብለው ለለጋሾቹ በሙሉ፣ ለእያንዳንዱ፣ በተራ ይደውላሉ። ስም ከነአባት፣ አድራሻ፣ አልፎ ተርፎም «የሚገኙት በዚህ በደወልኩበት ስልክ ነው?» ይላሉ። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ ለዳኛው አቤት አለ። «ስሜን ስንት ጊዜ ልናገር? ፍርድ ቤት ነው ያቆማችሁኝ?»

ዳኛው ሥራ አስኪያጇን አስጠሯት። «ሰው ለመስጠት ደውሉልኝ አላለም» አሏት። «ለጋሾቹ ተሰላችተው ቢቀሩ ነርሶቹን በምን ልታሰማሪ ነው?»

ሥራ አስኪያጇ፣ ነርሷ ካልመጣች ቁስሉን የሚያጥብለት የሌለ ሽማግሌ ታውቃለች፤ ከአልጋ የሚያነሳት ያጣች ሴትም እንዲሁ። አገልግሎቱ የቆመው በእነዚያው በሚደወልላቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ወሰነ። ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ፣ ለማንም መደወል የማያስፈልገው ሲስተም ከአንድ ኩባንያ ይገዛል። ክቡር ጓዝ ጠቅልሉም ስሞቹን አዘጋጅተው ለኩባንያው ካስረከቡ በኋላ ይሰናበታሉ። ይህን የምትነግራቸው እሷ ናት። እውነቱን እንናገርና፣ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት ነበር የመሰላት።

በማግሥቱ ጠዋት በሯን ዘግታ ንግግሯን ተለማመደች። «ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ላደረግኸው ሁሉ...» ስትል አልጥም አላት። «እንደምታውቀው ጊዜው...» እሱም ውሸት ውሸት ሸተታት። ከግድግዳው ማዶ የክቡርነታቸው እርምጃ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለ መሰናበታቸው ምንም አልሰሙም። የኩባንያው ሲስተም ሊመጣ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ጠዋት ሲገቡም ይለያል ማለታቸው አልቀረም።

ስልኳ ጠራ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከድርጅቱ ነው የምደውለው።» ድምፁ አንድ ጊዜ በስልኩ፣ አንድ ጊዜ በግድግዳው መጣ።

«አንተ! ከጎኔ ክፍል ሆነህ ነው የምትደውልልኝ?»

«ተራዎ ደርሶ ነው እትዬ። እስከ ዛሬ የቤት ሰው እያልኩ አልፋችሁ ነበር። ከደመወዝዎ በየወሩ ይሰጡ የለ? ለጋሽ ለጋሽ ነው። ስም ከነአባት?»

«አዲሱ ሲስተም መደወል አያስፈልገውም አልተባለም እንዴ?»

«የመጨረሻ ዙር ነው፤ አይቆጡኝ።»

የመጨረሻ የሚለው ቃል ወጋት። እንደ ተማሪ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ አድራሻዋን ተናገረች። ከዚያ እርምጃው ቆመ።

«መዝገቡ ላይ እርስዎ ቤት ሥር እናትዎም አሉ» አሏት ክቡርነታቸው ቀስ ብለው። «አብራችሁ ነበር የምትሰጡት።»

እናቷ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም። ክቡርነታቸውም ቀብር ቆመዋል።

«ማረፋቸውን አውቃለሁ እትዬ። ግን ሳልጠይቅ እጄ አልነካም አለኝ። የኩባንያው ሲስተም የሞተን ሰው በራሱ ጊዜ ያወጣል፤ ቅድም መግለጫውን ሳገላብጥ አየሁ። በእጅ ይዤ ላቆያቸው እችላለሁ። ከእርስዎ ጋር ይቆዩ ወይስ ላውጣቸው?»

ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ብሏት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ስለ እናቷ የጠየቃት ማንም አልነበረም፤ እሷም ለማንም አላነሳችም። ሥራ አስኪያጇ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ክቡርነታቸው ስልኩን ይዘው ይጠብቃሉ።

«ይቆዩ» አለች በመጨረሻ።

«ይቆያሉ።»

«ሌላውንም ሰው እንዲህ ነው የምትጠይቀው?»

«ሁሉንም። አብዛኛው ይቆይልኝ ነው የሚለው። አንዷማ የልጇን ስም በደወልኩ ቁጥር እንድጠራላት ትፈልጋለች። የሞተባትን ማለቴ ነው።»

«ነጋዴውስ? ያ የተቆጣው?»

«እሱ ሁልጊዜ ይቆጣል። ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲወጣለት የአባቱን ነገር ያወራኛል። ከአባቱ ጋር ነበር የሚሰጠው።»

ነጋዴው እንደዚያ እየጮኸ አንድም ወር መስጠቱን እንዳላቋረጠ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«ሲስተሙን ሁሉ የምታፈራርሰው ለዚህ ነው?»

«ገብተን ካደርን በኋላ አንድ ቀን ሟቹን ይጥላላ! ወይ ስሙን ያጠፋል፣ ወይ ለብቻው ያስቀምጠዋል። የማይጥል እስካገኝ ነው እንጂ እኔስ መቼ ጠላሁ ማረፍ።»

«ታዲያ ሻጮቹን ይሄን አትጠይቃቸውም? ሁልጊዜ ፍቺ፣ ፍቺ!»

«ምን ልበላቸው እትዬ? ሰው ክራቫቱን አስሮ፣ እየሳቀ መጥቶ፣ ሙታንን የት ታስቀምጣለህ ልበለው? ያፍራል። እኔም አፍራለሁ። ፍቺ ይቀላል፤ የተፋታን ሰው በወጉ መያዝ የቻለ የሞተውንም አያጣውም ብዬ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሳቋም በግድግዳው በኩል ሳይሰማ አልቀረም። ስንት ጊዜ ያናደዳትን፣ ስብሰባ ያበላሸባትን፣ በአቶ ሙከራ ያዋረዳትን ሰው በዚያች ደቂቃ ወደደችው። እኛም ብንሆን፣ እስከዚህ ድረስ ስናማቸው ቆይተን አሁን ብንክድ ያምርብን ይሆን? እንወዳቸዋለን። ቢሮአችን ቢመጡ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እንደብቃለን።

ስልኩን እንደዘጋች ወደ ዳኛው ደወለች። ሰውዬው አይሄድም፣ የኩባንያው ሲስተም ቢመጣም ባይመጣም እሱ መደወሉን አይተውም ልትላቸው ነው። ዳኛው እንዴት እንደሚከራከሩ ታውቃለች። መሥመራቸው ተይዟል። ቆየት ብላ ሞከረች፤ አሁንም ተይዟል። ዳኛው ደግሞ ስልክ ላይ የሚቆዩ ሰው አይደሉም። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ እንደገና ደወለች። ያኔ ነው ከግድግዳው ማዶ የክቡርነታቸው ድምፅ ዝግ ብሎ የተሰማት።

«አይቸኩሉ ክቡር ዳኛ። እጠብቃለሁ።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዳኛው ራሳቸው የደወሉት ብዙ ቆይተው ነው። ድምፃቸው ሻክሯል።

«ያ ሰውዬ ደወለልኝ» አሏት።

«አስቸገረዎት?»

«ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ። ከእኔ ጋር ትቆይ አልኩት። ስሚ እህቴ፣ ለሰውዬው ንገሪው ያልኩሽ ነገር ይቅር። ነገርሽው እንዴ?»

«አልነገርኩትም።»

«እሰይ። ደግ አደረግሽ። የቤቴን ቁጥር ግን አሳስቼ ሳልነግረው አልቀረሁም። እስቲ ከጎንሽ ካለ በዪው... አይ፣ አይ፣ ተይው። እሱ ራሱ መልሶ ይደውልልኝ።»